የተሟሸችው ጀልባ

የካቲት 5፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ደብተሬ፣ መጣች! ከቡሬ በአይሱዙ ተጭና። የፋብሪካ ጀልባ፣ ከነሸራዋ። ነጭ፣ ለስላሳ ፋይበርግላስ። የግድባችንን የዓሣ አስጋሪ ማኅበር ወትውቼ ያስገዛሁ እኔ ጸሐፊው ነኝ። አሮጌዋን የዋንዛ ጀልባ ለሠሯት ለአማቴ ለአያ ሙጬ መለስኩላቸው፤ ለዶሮ ቤት ትሁንዎ ብዬ። አዲሷን እንደ ጋን በጣታቸው አንኳኩ፣ ጆሯቸውን ሰጡና ሄዱ። ቅናት ነው።

የካቲት 7
ሁዳዴ በ17 ይገባል። የፍኖተ ሰላም ደንበኞች ከመጀመሪያው ሰኞ ዓሣ ይጠብቃሉ። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ትቻለሁ።) ካላደረስን ወደ ሌላ ነጋዴ ይዞራሉ፤ ማኅበሩም አለቀለት።
አሮጌዋ በየዓመቱ ውኃ ተሞልታ ሳምንት ትቀመጥ ነበር። እንጨቱ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል። አዲሷስ? አባላቱ ሳትሟሽ አንሳፈርባትም አሉ። ልክ ናቸው፤ አዲስ ዕቃ ሳይሟሽ ይያዛል እንዴ? ለወጉ ያህል አያ ሙጬን ጠየቅኋቸው። እንጨት ውኃ ይጠጣል፣ ይች ምን ትጠጣለች፣ ተዋት አሉኝ። ቅናት ነው አልኩሽ እኮ!

የካቲት 8
ግድቡ ዳር፣ ሁለት ግንድ ላይ አስቀምጠን በባልዲ እስከ አፏ ሞላናት። ታምራለች።

የካቲት 9፣ 6 ሰዓት
ጧ! ወገቧ። ለሁለት። ውኃው ጫማዬን ይዞ ሄደ። ስብራቱን አየሁት፤ ውፍረቷ ካንቺ ከደብተሬ ልባስ አይበልጥም፣ ሳልሰድብሽ።

የካቲት 14
አምስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። አፍሬአለሁ። ሚስቴ ታፈሰች ሳቋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። በአገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሜ አባቷን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ትንሽ ድንጋይ መረጥኩ። ወርውራ ጣለችውና ትልቅ አመጣች።

የካቲት 16፣ እሑድ
ሄድኩ። ድንጋዩን ተሸክሜ ደጃቸው ተንበረከክሁ። ቀና ስል አሮጌዋ ጀልባ ጓሮ ናት፤ ውኃ ሞልታ፣ አብጣ፣ ዶሮ የለ ምን የለ። ለካ አዲሷን አንኳኩተው የሄዱ ዕለት ነው የሞሏት። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ።
ይቅር ለእግዜር አሉ። ድንጋዩን ላወርድ ስል ግን ከለከሉኝ። ዞረው አዩት፣ መታ መታ አደረጉት። ለመልሕቅ የሚሆን ድንጋይ ሲፈልጉ ሰንብተው ኖሯል።
ነገ ማለዳ ውኃ እንገባለን። ጀልባዋን አባላቱ ይሸከማሉ። ድንጋዩን እስከ ግድቡ እኔ።