ያላየችው ገጽ

ውድ አለቃዬ፣

«እኔ ደኅና ነኝ» ብዬ ብጀምር እናትሽ «ውሸታም» ትለኛለች። ጉልበቴ ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ ይላል፤ ጆሮዬም መስማት የሚፈልገውን እየመረጠ መስማት ጀምሯል። አድራሻሽን ብጠይቃት «አንተ ጻፍ፣ እኔ እልክላታለሁ» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ተቀምጬ፣ የስንቱን ሰው ደብዳቤ ማኅተም እየመታሁ ስሸኝ ኖሬ፣ ዛሬ ለገዛ የልጅ ልጄ የምጽፈውን በአማላጅ እልካለሁ። እንዳታነበው ግን በሙጫ አሽጌ ነው የምሰጣት። ሙጫው እጄ ላይ ተጣብቆ የሻይ ብርጭቆ አልላቀቅ ብሎኝ ስዞር ብታዪኝ ትስቂ ነበር።

ሳቂ እንግዲህ። ወደታች ስትወርጂ የሚያስቅ አታገኚም።

የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት የንባብ ፈተና ውጤት የመጣበት ቀን ትዝ ይልሻል? ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሽው። ከመቶ የሦስተኛ ክፍል ልጆች አንብበው የሚረዱት ሠላሳ አራቱ ብቻ ነበሩ። «አባባ፣ ስልሳ ስድስት ልጅ ገጽ ላይ አፍጥጦ ምንም አያይም ማለት እኮ ነው» አልሽ። እኔ የማልረባው «መነጽሬን ሳወልቅ እኔም እንደዚያው ነኝ» አልኩሽ። አልሳቅሽም። እንደዚያ ቀን ኮስተር ብለሽ አይቼሽ አላውቅም።

ፋብሪካው ከተከፈተ ወዲህ ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ሆኗል። በአንድ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ቋንቋ ይሰማል። ነባሮቹ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እያወጡ ወደ ግል ትምህርት ቤት ወሰዱ፤ የቀሩትም ጥፋቱን በመጤዎቹ ላይ ማላከክ ያዙ። ፀጉር አስተካካያችን «ትምህርት ቤቱ እነዚህ ከመጡ ወዲህ ነው የተበላሸው» ሲል አንቺ እኔን ልትወስጂኝ መጥተሽ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። «አንተ ፀጉሩ ጠንከር ያለ ሰው ሲመጣብህ መቀስህን ትለውጣለህ ወይስ ሰውየውን ታባርራለህ?» አልሽው። ሰውዬው ግማሽ ፀጉሬን ቆርጦ ግማሹን ተወው። እኔ ወንበሩ ላይ በኩራት ተነፋሁ። «የኔ ናት» ማለት አማረኝ።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ቀጠርሽኝ። ደመወዝ የሌለው ሥራ፤ አለቃዬ ያልኩሽም ያን ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ከመጥረጊያና ከባልዲ ማስቀመጫው ክፍል አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀምጠሽ፣ «ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ ያነቡልሃል፤ አንተ አዳምጥ» አልሽ። ለእያንዳንዱ ልጅ አረንጓዴ ካርድ፣ ለእኔ ደግሞ ትንሽ የኮከብ ማኅተም ሰጠሽኝ። አምስት ኮከብ የሞላ ልጅ «ለብቻው ያነባል» ይባልና ማንበብ ላቃታቸው ከከፈትሽው የድጋፍ ክፍል ይወጣል፤ በቦታው ሌላ ይገባል። ማኅተሟን እጄ ላይ አስቀምጠሽ ጣቶቼን በጣቶችሽ አጠፍሻቸው።

«አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለኝ፣ አባባ። ኮከብ ከመምታትህ በፊት ያላዩትን ገጽ ግለጥላቸው። ያጠኑትን ሁሉም ይወጡታል። ያላዩትን ያነበበ ነው ያነበበ።»

«እሺ አለቃዬ» አልኩ፤ እንደ ወታደርም ሰላምታ ሰጠሁሽ።

ጥሩ ጊዜ ነበር፤ ይህን አልደብቅሽም። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ «መነጽሬን የበላው ማነው? ሳላይ ምን ላነብ ነው? እናንተ አንብቡልኝ እንጂ» ስል ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። ጥሩምባ ያልኩትን ልጅ ታስታውሺዋለሽ፤ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጠራ ይመስል እየጮኸ የሚያነበው። ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን ስለማይለቀው፣ ዣንጥላው ስለጠፋበት ሰውዬ የሚተርከውን ታሪክ ሲያነብ «ዝናቡም መጣ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ አፍንጫውን ሳብ ያደርጋል። ከእሱ ቀጥላ ተራዋን የምትጠብቀው ድምቢጥ ያልኳት ልጅ ነበረች። ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የመጣችው፣ ላውንደሪ ከምትሠራው አክስቷ ጋር የምትኖረው፣ ሁለት ወር ሙሉ ቃል ያልተነፈሰችው ልጅ።

አንድ ማለዳ ድምቢጥ ቁጭ አለችና መጽሐፉን ገልጣ የዣንጥላውን ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጣችው። አንድም ቃል አልሳተችም። «ዝናቡም መጣ» አለችና አፍንጫዋን ሳብ አደረገች።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጉንፋንም አልነበረባት። ከጥሩምባ እየሰማች፣ ጉንፋኑን ሳይቀር በቃሏ ይዛዋለች። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበርና በክፍተቱ ምላሷ ብቅ አለች። ገጹን ልገልጥ እጄን ዘረጋሁ። ያንን ሳቅ ሳይ እጄ ወደ ማኅተሙ ሄደ። ነገ አስነብባታለሁ፣ ዛሬ ትደሰት አልኩ። እጄ እንደሆነ ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም መምታት የለመደ ነው፤ ፖስታ ቤት ደብዳቤውን ከፍተን ሳናይ ነበር የምንመታው።

ነገ ሲመጣ ሌላ ታሪክ በቃሏ ይዛ መጣች። እንዲህ እንዲህ እያለች አምስት ኮከብ ሞላች።

እሷ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር፣ አለቃዬ። እናቱ የታመመችበት ልጅ ሲመጣ መታሁ። ቁርስ ሳይበላ መምጣቱን ሆዱ የነገረኝ ሲመጣ መታሁ። የሚያለቅስ ሲመጣ ሁለት መታሁ። አያት ሆኜ መቀመጤን ሳስብ ሚዛን ሆኜ መቀመጤን ረሳሁት። ኮከቤ የሚያስቃቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከድጋፍ ክፍሉ እያስወጣኋቸው ነው።

በዓመቱ መጨረሻ በኮከቦቼ ተቆጥሮ ሠላሳ አራቱ ሰባ አንድ ሆነ ተባለ። ርዕሰ መምህሩ አዳራሽ ውስጥ ስምሽን ሲጠራ ተነስተሽ «አያቴ ባይኖር አይሆንም ነበር» አልሽ። ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበልኝ። እኔም፣ ይቅር የማይባለው ይህ ነው፣ ተነስቼ እጅ ነሳሁ።

ከወረዳው ሁለት ሰዎች መጡ። ቁጥሩ በአንድ ዓመት እንደዚያ መዝለሉ አላማራቸውም፤ እውነት ነበራቸው። ማኅደር የያዘችው ሴትዮ ልጆቹን እየጠራች ያላዩትን ገጽ ትገልጥላቸዋለች። የድምቢጥ ተራ ደረሰ። ገጹ ስለ ንብ ነበር፤ ከላዩ ላይ ትልቅ ቀፎ ተስሏል። ልጅቷ ቀፎውን አየችው። ከዚያ በተከፈተው በር በኩል እኔን አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ የዣንጥላውንም ታሪክ ጀመረች። «ዝናቡም መጣ» አለች። አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። ሴትዮዋ ጻፈች።

አንቺን ሲጠሩሽ ከበሩ ውጪ ቆሜ ነበር። ጆሮዬ ያን ቀን ደኅና ይሰማ ነበር።

«ካርዶቹን የመታው ማነው?»

«ፕሮግራሙ የእኔ ነው። ኃላፊነቱም የእኔ ነው።»

«ልጆቹ እንደማያነቡ ያውቁ ነበር?»

ዝም አልሽ። ዝም ያልሽው አንቺ ስለማታውቂ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ስለገባሽ ነው። ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። መግፋት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ድምቢጥ እንኳ በቃሏ ትይዘዋለች። አልገፋሁትም። ቀስ ብዬ፣ ጫማዬ እንዳይሰማ ተረከዜን እያነሳሁ ወደ አግዳሚው ተመለስኩ።

በዚያው ቀን ከሥራ አሰናበቱሽ። ማታ ምንም አልጠየቅሽኝም። «አባባ፣ ሻይ ልቅዳልህ?» ብቻ አልሽ። እኔም «ቢያንስ ደብተር ከማረም አረፍሽ» ብዬ ቀለድኩ። ለእኔ ብለሽ ሳቅሽ። ያ ሳቅሽ ነው እስከዛሬ የሚከተለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣሽን ይዘሽ ስትሄጂ «ቁጥር አጭበርባሪዋ» የሚለው ስም ከአንቺ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶ ነበር።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ፤ እናትሽ እንደማትነግርሽ አውቃለሁ። የድጋፍ ክፍሉን ዘጉት። እዚያ አብራሽ ታስተምር የነበረችውን መምህርት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አዛወሯት። አግዳሚዋን ባልዲዎቹ ላይ ዘቅዝቀው አስቀመጧት። ፀጉር አስተካካዩ «አላልኩም?» አለኝ፤ የሚመልስለት ሰው ስላልነበረ ፀጉሬን በሙሉ ቆረጠኝ።

ልናዘዝ ሄድኩ፤ እመኚኝ። ዘግይቼም ቢሆን የወረዳው ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ ደግ ነች፣ ወንበር ሳበችልኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማኅተሙንም ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«አባቴ፣ ፋይሉ ተዘግቷል» አለች።

«ይከፈታ!»

«እርስዎ እኮ ሠራተኛ አይደሉም። በስምዎ ልንጽፈው የምንችለው ጥፋት የለም።» ማኅተሙን በሁለት ጣቷ ይዛ መለሰችልኝ። ጥፋተኛ ለመሆን እንኳ አልበቃሁም።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ሐሙስ ድምቢጥን ልፈልግ አክስቷ ወደምትሠራበት ላውንደሪ ሄድኩ። የሄድኩበት ምክንያት እንዲኖረኝ ሸሚዝ ይዣለሁ። ከመተኮሻው ጠረጴዛ በላይ ምን ተሰቅሎ ባይ ጥሩ ነው? አረንጓዴው ካርድ፣ አምስት ኮከቡ፣ በፕላስቲክ ተለብጦ።

«አባባ!» አለች አክስትየዋ፤ «ለልጄ የመሰከሩላት እርስዎ ነዎት አይደል? በቤተሰባችን ፊደል የለየች እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ይኸው አሁን ስም እያነበበች ልብስ የምትሰጥልኝ እሷ ናት። እኔማ ከየት አውቄ።»

ሸሚዜን ሳትቀበለኝ አንድ ሰውዬ በሩን በርግዶ ገባ። በእጁ የሴት ካፖርት አንጠልጥሏል። «ሁለተኛ ጊዜ! ይሄ ሁለተኛ ጊዜ ነው! ልብሴን ለማን ነው የሰጣችሁት?» የላውንደሪው ባለቤት ከጓዳ ወጣ። አክስትየዋ ደነገጠች። «ድምቢጥ፣ ወረቀቱን አላየሽውም?» (ይኸው፣ እኔ ያወጣሁላት ስም ቤት ድረስ ገብቷል።) ልጅቷ ልብሱ ላይ በመርፌ የተያዘችውን ቁራጭ ወረቀት አየች፣ ከዚያ ሰውየውን፣ ከዚያ እኔን። ያንኑ አየሁት። ቀፎውን ያየችበትን ዓይን።

ባለቤቱ አክስትየዋን «ሥራሽን የማትችዪ ከሆነ…» ብሎ ሲጀምር አላስቻለኝም።

«አታነብም» አልኩ። «ልጅቷ ማንበብ አትችልም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳትችል ነው ኮከቡን የመታሁላት።»

በሩ ላይ ሆኜ ለአንቺ ያልተናገርኩትን፣ እዚህ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በስምንት ዓመት ሕፃን ላይ ተናገርኩት። ጊዜ አመራረጤን አየሽልኝ?

ድምቢጥ አላለቀሰችም። «እችላለሁ» አለች። ድምፅዋ እንደ ጥሩምባ ከፍ ብሎ ነበር። «እችላለሁ! አንተ ነህ እችላለሁ ያልከኝ!»

አክስትየዋ ወንበር ላይ ወጥታ ካርዱን አወረደችው። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ምን አቧራ ነበረበትና። ገልብጣ ሰጠችኝ። «ይውሰዱት» ብቻ ነው ያለችኝ። ከሥራዋ እስካሁን አላባረሯትም፤ ልብስ የሚሰጠው ግን አሁን ባለቤቱ ራሱ ነው።

ካርዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሻለሁ። ማኅተሙንም። ልጥለው አልቻልኩም፣ ቤት ላስቀምጠውም አልቻልኩም። ለወረዳዋ ሴትዮ ያልኳትንም ሁሉ ጽፌ ፈርሜ ግልባጩን ጨምሬልሻለሁ፤ ሥራ ስታመለክቺ የሚጠይቅሽ ካለ አሳዪው። እንደማታሳዪው አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም፤ አንቺ ደግ ስለሆንሽ ቶሎ ታደርጊዋለሽ፣ እኔ ደግሞ የቶሎ ነገር መርሮኛል።

በየሐሙሱ ላውንደሪው ጋ እሄዳለሁ። ያቺኑ ሸሚዝ ይዤ። አንድ ሸሚዝ ስንት ጊዜ ይታጠባል? ባለቤቱ እያበድኩ መስሎታል። ድምቢጥ ስታየኝ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ኋላ ትገባለች፤ ከታች ጫማዎቿ ብቻ ይታያሉ። ትናንት መጽሐፉን ይዤ ሄጄ ነበር። ያላየችውን ገጽ ልገልጥ ፈርቼ የዣንጥላውን ታሪክ ለካፖርቶቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። «ዝናቡም መጣ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆም አልኩና ጠበቅኩ።

አፍንጫውን ሳብ ያደረገ ማንም አልነበረም።

በሚቀጥለውም ሐሙስ እሄዳለሁ፣

በሩን ያልገፋው አያትሽ