ጠሪ ያጣ የሰርግ ካርድ

ይድረስ ከደብረ ማርቆስ ብርድ እስከ ኖርዌይ በረዶ፣ ለአንዲት ልጄ ለየኔአለም።

እንዴት ከርመሻል ልጄ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ሰላምታዬ እንደ ጮቄ ተራራ ጉም በሩን ሳያንኳኳ ይግባልሽ፤ ቤትሽን ሞልቶ ይደርልሽ። እኔ አባትሽ መሳፍንት፣ ጉልበቴ ሽቅብ ስላት እንቢ፣ ቁልቁል ሲሆን ደግሞ ሳላዛት እሺ ከማለቷ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤትሽ ዘመነስ? ያ የሌሊት ሥራው ቀረለት ወይስ ዛሬም ቀን ተኝቶ ማታ ማታ እንደ ጅብ ይወጣል? እየሩስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? አንለይስ ከእህቱ ጋር ሲጣላ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚሳደብ? በአማርኛ ከሆነ ተዪው፣ አትቆጪው፤ ቋንቋው እንዳይጠፋው ነው። አንለይ ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ፣ አንድ ቀን እንኳ ያላቀፍሁት እሱን። እንዲህም አለ።

ይህን በስልክ ያልነገርሁሽ ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም። አንቺ «አባባ ይሰማዎታል?» ስትዪ፣ እኔ «ይሰማኛል፤ አንቺስ?» ስል የሞላሁት ካርድ ያልቃል። ይህን ነገር ደግሞ ግማሹን ሰምተሽ ግማሹ ከቀረብሽ መዘዝ ነው። ስለዚህ የአወቀ የልጅ ልጅ ለትምህርት ወደዚያው አገር ስትመጣ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። አወቀን መቼም አትረሽውም፤ አውራጃ ጽሕፈት ቤት አብሮኝ የሠራው፣ በልጅነትሽ ከረሜላ እያሳየ አፍንጫሽን ይቆነጥጥሽ የነበረው ነው።

ሳላዞር ልንገርሽ። ላገባ ነው። ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነም ተነሺና እንደገና ተቀመጪ። ደግሞም ልመና አለኝ። ገንዘብ አይደለም፤ አትደንግጪ። የምለምንሽ ስምሽን ነው። በሰርጉ ካርድ ላይ ጠሪዋ አንቺ እንድትሆኚልኝ። እንቢ ካልሽ ሰርጉ የለም። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ።

የልጆቹን ፊት እያየሁ እንዳወራ ብለሽ የላክሽልኝ ኮምፒዩተር፣ ኢንተርኔቱ ከጠፋ ወዲህ ነፍሷን ይማርና እናትሽ በጠለፈችው ጨርቅ ተሸፍኖ እንደ ታመመ ሰው ጥግ ይዞ ነበር። አንድ ቀን የዕድራችን ዳኛ መጣና «አያ መሳፍንት፣ እርስዎ የድሮ ታይፒስት ነዎት፤ የሐዘን ማስታወቂያ ቢጽፉልን» አለኝ። እኔ የማውቀው የአውራጃውን የጽሕፈት መኪና ነው፤ ያ እንደ ሰነፍ በሬ ካልመቱት የማይራመደውን። የአንቺው ግን ገና ሲነኩት አምስት ፊደል ይተፋል። ጣቴ አደብ እስኪገዛ ድረስ አንዱን ሟች ስሙን ደግሜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀብሬዋለሁ። ቤተሰቡ ግን አልተቀየመም፤ ሰውዬው በቁመናው ለሁለት ይበቃ ነበር። ዕድሩም ማተሚያ ገዛ፤ የሚቀመጠው እኔ ሳሎን ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ የሰፈሩ ሞት ሁሉ በእጄ ያልፍ ጀመር። ጥቁር ክፈፍ፣ መስቀል፣ ስም፣ የቀብር ሰዓት። ዲማ ቄስ ትምህርት ቤት አብሮኝ ፊደል የቆጠረውን ጓደኛዬን ባዘዘውን በእነዚሁ ጣቶች ጻፍሁት። ከእኩዮቼ ያልጻፍሁት አወቀን ብቻ ነው። እሱም ባገኘኝ ቁጥር «የእኔን ጀምረኸው ከሆነ በወጣትነቴ የተነሳሁትን ፎቶ አድርግልኝ» ይለኛል። ማስታወቂያውን ወስደው ሲሄዱ ቤቱ ተመልሶ ዝም ይላል። ሳስነጥስ ይማርህ የሚለኝ የለም። እኔው ይማረኝ እላለሁ፤ እኔው ያኑርህ ብዬ እመልሳለሁ። ራዲዮኑን ከፍቼ የምተኛው ዜና ወድጄ እንዳይመስልሽ። ቤት ውስጥ አንድ የሚናገር ነገር ይኑር ብዬ ነው።

ሽታዬን ሳታውቂያት አትቀሪም። የደብረ ኤልያስ ሰው ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ የዕድሩን ድስትና ወንበር የምትጠብቀው እሷ ናት። ማስታወቂያውንም ወስዳ የምትለጥፈው እሷው ናት። በፊት በፊት በር ላይ ቆማ ተቀብላኝ ትሄድ ነበር። ኋላ «ቀለሙ እስኪደርቅ» እያለች ትቀመጥ ጀመር። የዚህ ማተሚያ ቀለም ወዲያው እንደሚደርቅ እኔም አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። አንድ ቀን አስነጠሰኝና «ይማርዎት» አለችኝ። ያኑርሽ በማለት ፈንታ እንደ ልማዴ ያኑርህ ብዬ ለራሴ መለስሁ።

ሽማግሌ እንዳልልክባት፣ የምልካቸውን ሽማግሌዎች ሁሉ ጽፌ ጨርሻቸዋለሁ። አወቀን ብቻውን ላክሁት። ስለ እኔ ምን እንዳላት ባላውቅም እየሳቀች ነበር የሸኘችው። እሺ ማለቷን የሰማሁ ለት ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ማርቆስ ከተማ ካርድ የሚያትም ሞልቷል። ግን ስንቱን ሞት በራሴ እጅ ጽፌ የራሴን ሰርግ ለሌላ ሰው አልሰጥም አልሁ።

ታዲያ ስንፍና ያዘኝና ያለፈውን የሐዘን ማስታወቂያ ከፍቼ ስሙን ብቻ ለወጥሁ። አትሜም ለሽታዬ ሰጠኋት። ጥቁሩ ክፈፍ እንዳለ ነው፤ ከግርጌውም «ሥርዓተ ቀብሩ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ይፈጸማል» ይላል። አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝና «አያ መሳፍንት፣ ሊያገቡኝ ነው ሊቀብሩኝ?» አለችኝ። «በየተራው» አልኋት።

ከዚያ ወዲያ ከባዶ ጀመርሁ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሰርግ ነው የተባለ ንድፍ አለ፤ ሁለት ነጭ ርግብ፣ ጽጌረዳ፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያስተኛ ፈረንጅ ሙሽራ። ሙሽራውን አጠፋሁት፤ ጸጉሩ አስቀናኝ። በጽጌረዳው ቦታ አደይ አበባ ልሥል ስል አንዷ አበባ የእንቁላል ፍርፍር መሰለች። እሷንም አልነካኋትም፤ ሰርግ ላይ ምግብ አይጠላም። ለቤቱ ማስጌጫ ደግሞ በአንድ ወረቀት አንድ ፊደል እያተምሁ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ሠርቼ በሲባጎ ሰካሁት። ቀዩ ቀለም መንገድ ላይ ስላለቀ ከ«መጣችሁ» ጀምሮ ሰማያዊ ነው። ለየወንበሩም የእንግዳው ስም ያለበት ትንሽ ካርድ አትሜያለሁ። የአወቀው ላይ «ከሁለት ብርጭቆ በላይ አይቀዳለትም» የሚል ጨምሬበታለሁ።

ለሙከራ ሳሎኑን አስጌጥሁት። ወንበሩን ደረደርሁ፣ በየወንበሩ ስም አስቀመጥሁ፣ ከዚያ መሐል ገብቼ ተቀመጥሁ። የኔአለም፣ ያንን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ስም አለው፤ ሰው የለውም። እንኳን ደህና መጣችሁ ይላል ወረቀቱ፤ የመጣ የለም። ልብ ብዬ ሳይ ደግሞ የባዘዘውን ስም ከሚመጡት ጋር አትሜው ኖሯል። እጄ ለምዶበት ነው። አንስቼ ኪሴ ከተትሁት። አወቀ ድንገት ገባና ጌጡንም እኔንም አይቶ «አንተ፣ ሰርጉ አለፈ እንዴ ሳትጠራኝ?» አለ። ሳቅሁለት። እሱ ግን አልሳቀም፤ ስሙ ያለበት ወንበር ላይ ተቀምጦ እስኪመሽ አብሮኝ ቆየ።

አንድ ነገር አልደብቅሽም። ጽሑፉን ለመስቀል የሚመቸው የእናትሽ ፎቶ ያለበት ግድግዳ ነበርና ፎቶውን አውርጄ አልጋው ላይ አስቀምጬው ነበር። ሽታዬ በማግስቱ ስትመጣ ባዶውን ምስማር አየች። ሄዳ አመጣችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መልሳ ሰቀለችው። «እሷ ከዚህ የወረደች ለት እኔ በዚያ በር አልገባም» አለችኝ። ጽሑፉን ከእናትሽ ፎቶ በታች ዝቅ አድርገን ሰቀልነው።

አሁን ካርዱ ሁሉ ነገር ሞልቶለት ጠሪ ብቻ ቀረው። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ አቶ እገሌና ወይዘሮ እገሊት ልጃቸውን ስለሚድሩ ተብሎ ነው። እኔን ማን ይዳረኝ? አባቴ እንዳላማው ከመቃብር ተነሥቶ አይጠራ። አወቀ «እኔ ልዳርህ» አለ፤ እሱ ከዳረኝማ ከነገ ጀምሮ እጅ ንሳኝ ሊል ነው። ዕድሩንም አስቤ ነበር፤ ግን ዕድር ለቀብር እንጂ ለሙሽራ ሲጠራ ታይቶ አያውቅም። በመጨረሻ በራሴ ስም ልጥራ ብዬ ሽታዬን ባማክራት «ራሱን የሚድር ሰው አላየሁም። ሰው የሌለዎት ያስመስልብዎታል» አለችኝ። «ሰው አለኝ፤ ልጅ አለችኝ» አልኋት። «እንግዲያው ልጅዎ ትጥራ» አለች። «እናቷ ቤት የምገባው እሷ ከጠራችኝ ነው። ካልጠራችኝ ድስቴን እየጠበቅሁ እኖራለሁ፤ እርስዎንም አልቀየምዎ፤ እሷንም አልቀየማት።» ቃሏ ይሄ ነው። ሴትዮዋን እኔ አውቃታለሁ፤ አትመለስም።

አንዱን ካርድ አትሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የጠሪው ቦታ ነጠብጣብ ነውና የሥራ ማመልከቻ መስሏል። ከፈቀድሽ «ወይዘሮ የኔአለም መሳፍንትና ባለቤታቸው አቶ ዘመነ፣ አባታቸው አቶ መሳፍንት እንዳላማው ከወይዘሮ ሽታዬ ጋር ስለሚጋቡ» ብዬ እሞላዋለሁ። ቀኑ ጥር ውስጥ፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ተክሊሉ ለደናግል ስለሆነ፣ ባልና ሚስት ለሞተብን ለእኛ የሚደረሰው ጸሎት ይበቃል።

ቀልዱን እዚህ ላይ ልተወው። እናትሽ በኮሮናው ጊዜ አውሮፕላኑ ሁሉ ቆሞ ሞታብሽ ለቀብሯ አልደረስሽም። ሬሳዋን ሳታዪ፣ አፈሯን ሳትነኪ፣ ሌላ ሴት ቤቷ እንድትገባ በስምሽ ጥሪ እያልሁሽ ነው። ከባድ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። አንድ ጊዜ በስልክ «አባባ፣ ቢመነኩሱ እኮ ነፍስዎ ታርፍ ነበር» ብለሽኝ ነበር። የንስሐ አባቴ መምሬ ጸጋውም ቆብ ድፋ ሲሉኝ ከርመዋል። እኔም አሰብሁበት ልጄ። ግን ገዳም ለሚጸልይ ነው። እኔ ብቻዬን መዋል ስለመረረኝ ብቻ ብመነኩስ እግዜርን ማታለል ይሆንብኛል ብዬ ነገርኋቸው። እሳቸውም «እንግዲያው አግባ፤ እሱንስ ባታታልል ይሻላል» አሉኝ።

እናትሽን ሽታዬ አትተካትም። ሽታዬም ልተካት አላለችም። እኔ የምፈልገው ማታ በር ሲንኳኳ ማነው የምለው ሰው ሳይሆን፣ በሩን ከውስጥ ዘግቶ አብሮኝ የሚያመሽ ነው። ይህን ለልጅ መጻፍ ነውር ነው፤ ግን ነውሩን ለማን ልጻፈው?

እንቢ ብትዪ አልቀየምሽም። እንቢታሽን ደብቀሽ እሺ ብትዪኝ ግን ያን ጊዜ እቀየምሻለሁ። ካርዱ እጅሽ ሲገባ ደውዪ። ኔትወርኩ ምንም ቢቆራረጥ አንዲት ቃል ያሳልፋል። «ይጻፉት» ካልሽኝ እጽፈዋለሁ፤ «ይተዉት» ካልሽኝም ጌጡን አወርዳለሁ። ሌላ ምክንያት አልጠይቅሽም።

ዘመነን ሰላም በዪልኝ፤ ወፍራም ካልሲ ያድርግ፤ ያገሩ ልጅ ነኝ ብሎ በማርቆስ ብርድ አይመካ፣ የዚያኛው ሌላ ነው ይላሉ። እየሩስን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የወለቀውን ጥርስ ለእኔ ብትልክልኝ ቦታ አላጣለትም በያት። አንለይን ግንባሩን ሳሚልኝና ከዚህ አገር አንድ ሽማግሌ ይፈልግሃል በዪው። አወቀ በጣም ሰላም ብሎሻል። መምሬ ጸጋውም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለውሻል፤ ምን አጥፍተሽ እንደሆነ አላወቅሁም።

ሽታዬንም፣ ሰላም ብላሻለች ብዬ ልጻፍላት ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የዕድሩን ብርጭቆ እየቆጠረች ነበር፤ ቆጠራውን አቆመችና «ማንሽ ነኝ ብዬ?» አለችኝ።  «ልጄን ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኋት።

አባትሽ
መሳፍንት እንዳላማው
ደብረ ማርቆስ
ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.