መውጣቱ ያልተለካ መኪና

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ከጧቱ 1፡30
የእትዬ አለም የኩላሊት እጥበት ሰኞ፣ ኅዳር 15 ባ/ዳር ይጀመራል። በሳምንት ሁለት ቀን፤ ሰኞና ሐሙስ።

ቀጠሮውን ትናንት ከሐኪሙ ተቀበልን። የሄድነው በሰብለ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ በነጯ። ባ/ዳር ላይ መብራት ስላልነበረ ሳትሞላ ነው የተመለሰችው፤ ቤት ስንደርስ 20 ፐርሰንት ቀርቷታል። አስተማማኝ ናት። ችግሩ ሌላ ነው። ባለቤቴ ሰብለ የገሳይ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ትናንት እኛ መኪናዋን ስለወሰድንባት በሚኒባስ ሄዳ አርፍዳ ገባች። ማታ ስትመለስ ቁልፏን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የምፈራትም እንዲህ ስትሆን ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ መኪና ያስፈልገናል። እሷም የኤሌክትሪክ። ሰው ቀጠሮ እያለበት እኔ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ልቆም አልችልም። እትዬ ደግሞ ከእጥበት በኋላ ሚኒባስ ተጋፍተው አይሳፈሩም። ታላቅ እህቴ ብቻ አይደሉም፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

ዐሥራ ሁለት ቀን አለኝ። ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ ሠርቼ የማተሚያ ሰዓት እንዲህ አስፈርቶኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ከቀኑ 11፡00
ሁለት ምርጫ ተገኘ።

አንደኛው አዲስ አበባ ያለ፣ ባትሪው ትልቅ። ደላላውን ሦስት ጊዜ ደወልኩለት። ጧት በሁለት ሳምንት ይደርሳል አለ። እኩለ ቀን ላይ የጭነት መኪና ከተገኘ አለ። አሁን ደግሞ መንገዱን አይተን እንነጋገር ይላል። በአንድ ቀን ሦስት ቃል የሰጠ ምንጭ አይታተምም።

ሁለተኛዋ እዚሁ ደ/ታቦር ናት። ትንሽ፣ ሰማያዊ። ባለቤቷ መ/ር ታደለ ይባላል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የሐዋሳ ልጅ። ተዛውሯል፤ እሑድ፣ ኅዳር 14 ይሄዳል። በዋዜማው ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ቁርጡን ካልነገርኩት ለሌላ ሰው ይሰጣታል። እንድቀመጥ መቀመጫውን በመሐረቡ ጠረገልኝ። ሰውየውን ወደድኩት። ይህ ራሱ ያሰጋኛል፤ የወደድኩትን ሰው አጥብቄ አልጠይቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 7። ከቀኑ 10፡20
ሞከርናት። ከቅዳሴ በኋላ እኔና መ/ር ታደለ ወረታ ደርሰን መጣን። በደብተሬ የያዝኩት፦ ስንነሣ 100። ወረታ 88። ምሳ በላን። ቤት ስንገባ 61።

ደርሶ መልስ 39 ብቻ ማለት ነው። ባ/ዳር የዚያን እጥፍ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ይበቃል። መብራት ባይኖርም ይበቃል!

ለእትዬ ነገርኳቸው። ከሐኪሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ቀጥለው ሰኞ የነቢያት ጾም መግቢያ መሆኑን አስታወሱኝ፤ ታጥበው ሲወጡ ይብሉ የሚሏቸው እንደሆነ የንስሐ አባታቸውን አስቀድመው ሊጠይቁ ነው። እኔ በባትሪ፣ እሳቸው በጾም እንጨነቃለን። ዛሬ ቢያንስ የእኔው ቀለለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከጧቱ 2፡00
አልቀለለም።

ሰብለ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ደብተሬን ቆማ አነበበች። ምሳ ስትበሉ መኪናዋ የት ነበረች አለችኝ። የሆቴሉ ዘበኛ ከወጥ ቤቱ ሽቦ ስቦ ሰክቶልን ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል።

«ስንት ሞላች ታዲያ? ከወረታ ስትነሡ ስንት ትል ነበር?»

ደብተሩ ላይ የለም። አልያዝኩትም።

«መውረዱን ለክተሃል፤ መውጣቱን አልለካህም» አለችና ቁልፏን አንሥታ ሄደች።

መ/ር ታደለ ጋ ደወልኩ። እሱም አያውቅም። መኪናዋን ከቤቱና ከዩኒቨርሲቲው አሳልፎ ነድቷት አያውቅም፤ ወረታንም ከእኔ ጋር መጀመሪያው ነው። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የኛ አገር ሰው ወረታን የት ነው ብትለው ወረድ ብሎ ነው ይልሃል። እኔም እዚሁ ተወልጄ እንደዚያው ነው የማስበው፤ መውረድ መንገድ ነው፣ መውጣት ወደ ቤት መመለስ ነው፣ ማንም አይቆጥረውም። አንድ ጀማሪ ዘጋቢ የአንድ ወገን ቃል ብቻ ይዞ ቢመጣ ወረቀቱን እመልስበት ነበር። ይኸው ለራሴ መለስኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 9፡00
በድጋሚ ሞከርን። አሁን ያለ ሶኬት። እትዬም አብረው ይሂዱ አልኩ፤ ሰው ያልጫነ መኪና ሙከራ አይባልም።

ስንነሣ 100። ወረታ 88። ምሳ የለም፤ ዞረን ተመለስን። ከዓለም በር ከተማ በላይ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይወርዳል። ቤት 49።

መውረዱ 12፤ መውጣቱ 39። ባ/ዳር መብራት ካለ፣ ታጥበው እስኪወጡ ትሞላለች፣ ታደርሰናለች። ከሌለ ዳገቱ መሐል እንቀራለን። መብራት ደግሞ ቃል አይገባም።

ዳገቱ ላይ እትዬ ከኋላ ሆነው ጠየቁኝ።

«ደከማት እንዴ?»

«ደከማት፣ እትዬ።»

«እኔንም።»

ጥቂት ከሄድን በኋላ ግን ሌላ ነገር አሉ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የማስበውን፣ በማስታወሻዬ ላይ እንኳ ያልጻፍኩትን።

«ለእኔ ሌላ መኪና ምን ያስፈልግሃል? ይችን ለሰብለ ግዛላትና እኔ በነጯ ልሂድ። ገሳይ ቅርብ አይደለም ወይ?»

ቅርብ ነው። ሒሳቡ ይገጥማል። ግን ነጯን ሰብለ ስንት ዓመት ጠብቃ ያገኘቻት ናት። አምቡላንስ ሲጠፋ ምጥ የጠናባትን ሴት ከገሳይ ወደ ደ/ታቦር ሆስፒታል የምታመጣውም በእሷ ነው፤ የኋላ መቀመጫው ላይ አስተኝታ። አንዷን ለማዳን የሌሎቹን አልጋ ልውሰድ ብዬ በየት አፌ ልጠይቃት?

አንተ ካፈርክ እኔ እነግራታለሁ አሉ። ለመንኳቸው፤ እንዳይናገሩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 12፡00
ተናገሩ። ምስር እየለቀሙ፣ ቀና ሳይሉ።

ሰብለ ትቆጣለች ብዬ ወደ በሩ ተጠግቼ ነበር። አልተቆጣችም። ስለ ባትሪውም አልጠየቀችም። ያቺ መኪና ውስጥ ሰው ይተኛል ወይ አለች።

መ/ር ታደለ ይዟት መጣ። ሰብለ ጫማዋን አውልቃ ከኋላ ተኛች፤ ጉልበቷን አጥፋ፣ በጎኗ፣ ከዚያ በጀርባዋ። እግሯ በበሩ ወጣ። መምህሩ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እንዲያው ምጥ የያዛት ሁሉ አጭር በሆነችና አጣጥፈናት በሄድን አለች፤ እትዬ ብቻ ሳቁ። ከዚያ የፊቱን መቀመጫ ወደኋላ ለቀቀችውና ደጋግማ በእጇ ተጫነችው። ነገ ገሳይ ይዣት ልሂድ፣ ዳገቱንም ብርዱንም ልይ አለችው። መ/ር ታደለ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል። ከጧቱ 12፡50
ሰብለ ወጣች። ሌሊቱን መብራት ሄዶ ነበርና በ74 ነው የተነሣችው። መስታወቱ ላይ ውርጭ። ማሞቂያውን ከፈተች፣ ቁጥሩን አየች፣ ዘጋችው። ነጠላዋን ፊቷ ድረስ ተከናንባ ነዳች።

ከቀኑ 10፡40
አልተመለሰችም። ስልክ አይሠራም። እትዬ ከሚካኤል ተመልሰው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ወደ ሚኒባስ መናኸሪያው ወጣሁ። ከነፋስ መውጫ የመጣ ሾፌር ሰማያዊ ትንሽ መኪና ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ አይቻለሁ አለኝ። ቆማ ሲል ምን ማለቱ ነው? ተበላሽታ ቆማ ወይስ ቆማ? እንዲህ ብዬ ስጠይቀው ገርሞት አየኝ።

ከምሽቱ 12፡30
ገባች። 31።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጉና ሥር በቃሬዛ የመጣች ወላድ ነበረች። አምቡላንሱ ሌላ ቦታ። የፊቱን መቀመጫ ዘርግታ አስተኝታት፣ አማቷን ከኋላ አስቀምጣ፣ ሆስፒታል አድርሳ ነው የመጣችው። እናትም ልጅም ደኅና። ስትነግረን ድምፅዋ ልክ እንደ ሪፖርት ነው። መኪናዋ በቃች ወይ አልኩ። የወላዷ አማት መንገዱን ሙሉ ትከሻዋን ደግፈው ያዙ፤ መቀመጫው ሲነቀነቅ አልረጋ ብሎ ነው አለች። ሌላ ቀን አማት ባትኖርስ አለች። እትዬ መሬት መሬት ያያሉ።

ቁርጡን ነገ ከቅዳሴ ስመለስ እነግራችኋለሁ አለች። የመኪናዋን ምንጣፍ አውጥታ በውሃ ታጥባለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከጧቱ 4፡50
ሁለቱ መኪኖች ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። ሁለቱም ቁልፎች ጠረጴዛ ላይ።

እትዬ ለሰኞ ያዘጋጇትን ቦርሳ ይዘው ወጡ። ወደ ነጯ ሄዱ፣ በሩን ሳይነኩ ተመለሱ። በሁለቱ መሐል ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋት ቆመዋል።

መ/ር ታደለ ደወለ። እስከ ስድስት አልኩት።

የውጭ በር ተንኳኳ፤ ሰብለ ትሆናለች። ልክፈትላትና የትኛዋን ቁልፍ እንደምታነሣ ልይ።