ኮምፒውተሬን አሻሽሎ ዝም ላሰኘልኝ ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ ይድነቃቸው
የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ማሻሻያና የፈተና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቆቦ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የኮሚቴው አባላት በሙሉ በዚህ የቆቦ ሙቀት እንዴት ሰነበታችሁ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ በተለይ ጆሮዬ ደህና መሆኑን የወልድያ ሐኪም ፈርሞ አረጋግጦልኛል።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለሚያነቡና ለማያውቁኝ ሰዎች፣ እኔ የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር በድረዲን ነኝ። በልጅነቴ ኩፍኝ ዓይኔን ስለወሰደው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያነበብኩት በሰው ዓይን ነው፤ አንባቢዬ ሲደክመው አቆማለሁ፣ አንባቢዬ ሲዘል እዘላለሁ። በመምህራን ክፍል ጥግ የተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ግን የተጻፈውን ሁሉ በጆሮ ማዳመጫ ያነብልኝ ነበር። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ፈረንጅ ቢመስልም አይደክመውም፣ አያዝንልኝምም። ፈተናዬን ራሴ ጽፌ፣ ራሴ አዳምጬ፣ ራሴ የማርመው በእሱ ነበር። ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ማንም ሳይጠይቃችሁ ኮምፒውተሬን በአዲስ ሲስተም ስላሻሻላችሁልኝ አመሰግናለሁ። ፈጣን ሆኗል ይባላል፤ ገጽታውም ያማረ ነው ይባላል። ድምፁን የሚያሠራው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ለአዲሱ ሲስተም አልስማማ ቢል፣ «ያው ተመሳሳይ ነው» ተብሎ ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ ተጫነበት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሬ ትንፍሽ አላለም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እሱም ሳይነቅዝ ተቀምጧል። ችግሩን ለማስተካከል ምን መጫን እንዳለብኝ የሚገልጽ ጽሑፍ በየጊዜው ስክሪኑ ላይ እንደሚያወጣልኝም ሰምቻለሁ፤ ስላሰበልኝ እሱንም አመሰግናለሁ።

፪. ባለሙያ ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ። ኢብሮ እኔው ያስተማርኩት ጨዋ ልጅ ነው። አጠገቤ ቆሞ ስክሪኑን አየና «ጋሼ፣ ኧረ እያወራ ነው! የድምፁ መስመር ሲወዛወዝ ይኸው ይታየኛል» አለኝ። እኔ ምንም እንደማልሰማ ነገርኩት። እስቲ አንተ ስማው ብዬ ማዳመጫውን ከራሴ ላወልቅ ብነሣ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ኧረ በአላህ ጋሼ! የመምህሬን ማዳመጫ እኔ ደፍሬ ጆሮዬ ላይ ላደርግ?» ብሎ እንደገና ራሴ ላይ አስተካክሎ አደረገልኝ። በዚህ አክብሮት ምክንያት በቆቦ ከተማ ያንን ዝምታ ከእኔ በቀር የሰማ ሰው የለም። ኢብሮም ያየውን በሪፖርቱ ጻፈ፤ ኮምፒውተሩ ይናገራል፣ መምህሩ አይሰሙም።

፫. ኮሚቴው በዚህ ሪፖርት መነሻነት ለጆሮ ምርመራ ወደ ወልድያ ስለላከኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እውነቴን ነው፣ እኔም ተጠራጥሬው ነበር። ዓይኔን በልጅነቴ ሰጥቻለሁ፤ ጆሮዬም ሊሄድ ነው ብዬ ፈርቼ አድሬያለሁ። በመንገዴ ሮቢት ላይ በሚኒባሱ ጣሪያ የተጫነችው ፍየል ስትጮህ ሰማሁ። ጎብዬ ላይ ሁለት የሽንኩርት ነጋዴዎች በሚዛን ሲጨቃጨቁ አንዷም ቃል አላመለጠችኝም። ሐኪሙም መርምሮኝ ሲያበቃ ማን እንደላከኝ ጠየቀ፤ ስነግረው ጆሮዬ ደህና መሆኑን ጽፎ ፈርሞ ሰጠኝ።

፬. የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ስመለስ ኮሚቴው ሌላ መላ አላጣም። የሴሚስተሩን ፈተና በኮምፒውተር ጽፌ በቀኑ ካላስረከብኩ፣ «ለጤንነቴ ሲባል» ክፍሌን ለሌላ መምህር ለቅቄ ቤተ መጻሕፍት እንድቀመጥ ወሰነ። ማንበብ ለማይችል ሰው ከቤተ መጻሕፍት የተሻለ ማረፊያ ከየት ይገኛል? ባለቤቴ ሀስና የጻፍኩትን ልታነብልኝ ፈቃደኛ ነበረች፤ ሁለት ባልደረቦቼም እንዲሁ። ኮሚቴው ግን ፈተና ምስጢር ስለሆነ፣ እስኪረከበው ድረስ ከአዘጋጁ በቀር ማንም እንዳያየው አዘዘ። በዚህ ትእዛዝ መሠረት ፈተናውን እንዲያይ የተፈቀደለት ብቸኛ ሰው እኔ ሆንኩ።

፭. እናም ጻፍኩት። በማሻሻያው ከሌላ ቢሮ የመጣልኝ ኪቦርድ፣ ጣቶቼ ቦታቸውን የሚያውቁባቸው ሁለቱ ትናንሽ እብጠቶች ተፍቀው አልቀውበታል። ጣቶቼን በግምት አሳረፍኳቸው። የሚነግረኝ ድምፅ ስለሌለ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው በልበ ሙሉነት ጻፍኩ። ኮሚቴው ተረክቦ መረመረ፣ አጸደቀ፣ ማኅተም አሳረፈበት፣ አባዝቶም አደለ።

በፈተናው ቀን ክፍሌ ጸጥ አለ። ደስ አለኝ፤ ልጆቼ እያሰቡ ነው አልኩ። ቆይቶ ግን እስክሪብቶ ሲጽፍ እንደማልሰማ ልብ አልኩ። በመጨረሻ ቆንጅት የምትባል ተማሪዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ አይቆጡኝና ይሄ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ምንም ቋንቋ አይደለም» አለችኝ። ጣቶቼ አንድ ፊደል ወደ ጎን ተንሸራተው ኖሯል። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በማስተማር ዘመኔ በተማሪ ፊት እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ አሁንም ምን እንደማደርግ አላውቅም። በዚሁ ፈተና ምክንያት ክፍሌን ከሰኞ ጀምሮ እንድለቅ የሚያዘው ደብዳቤ በማግስቱ ደረሰኝ። ሀስና አነበበችልኝ፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ስለነበር ሁለቴ አስደገምኳት።

ለማሻሻል ያላችሁ ትጋት ወደ ሌሎች ክፍሎች ከመዛመቱ በፊት አላህ እረፍት እንዲሰጣችሁ እየለመንኩ፣

ለኮሚቴው ውለታ ቃል ያጠረው፣ እስከ እሑድ ድረስ የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር፣
በድረዲን
(በባለቤቴ በሀስና እጅ የተጻፈ)

ማሳሰቢያ፦ ተማሪዎቹ ውጤታቸውን እየጠየቁኝ ነው። ኮሚቴው በፈተናው ግርጌ «ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ተመርምረው ለተማሪው ደረጃ የሚመጥኑ ሆነው ተገኝተዋል» ብሎ ስላረጋገጠ፣ የጥያቄዎቹን መልስ እንዲልክልን በትሕትና እንጠይቃለን።