ነጭ ማር ከላይ

መጋቢት 9 ቀን 2005፣ ቦንጋ

ጠዋት የገባ፦ ኮረሪማ አንድ ኩንታል ከሩብ፣ ጥምዝ ሠላሳ ኪሎ፣ ቀይ ማር አራት ጀሪካን (አንዱ ውሃ የበዛበት፣ መለስኩት)፣ ሰም ጥቂት። ነጭ ማር ገና ነው። ነጩ የሚገኝበት የገተም ዛፍ አብቧል ይላሉ ከማንኪራ የመጡት።

ከሰዓት መምህር ዋለ መጣ። ቴክኒክና ሙያ ኮምፒውተር የሚያስተምረው ጎጃሜ። ባለፈው ወር ለእናቱ የሚልከው ማር ሊገዛ ገብቶ ነው የተዋወቅነው። ያን ቀን ስልክ ላይ ስጮህ ሰምቶኛል። "ማን ጋ ምን አለ?" እያልኩ... ደካ፣ ሺሺንዳ፣ ማንኪራ፣ ቀኑን ሙሉ። ዛሬ አስቦበት መጣ።

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይኼ እኮ አንድ ፎርም ነው።"

የባለ ዕቃው ስም፣ ቀበሌው፣ ከሥር ትንንሽ ሳጥኖች። ሰውየው ያለው ዕቃ ላይ ራይት ማድረግ፣ አለቀ። አዲስ አበባ ያለችው ደንበኛዬ አብርሆት ኢንተርኔት ከፍታ ታያለች፣ መኪናዋን ትልካለች። እኔም ጉሮሮዬ ያርፋል።

"ስንት ታስከፍለኛለህ?" አልኩት። "ምሳ" አለ። ርካሽ ነገር እጠራጠራለሁ። ግን ሽሮዬን ሁለቴ አስጨምሮ በላ።

መጋቢት 13

መብራት ጠዋት ብቻ ነበር። ዋለ ላፕቶፑን ከሚዛኑ አጠገብ ዘርግቶ ሠራ። ሳጥኖቹ ስድስት ናቸው፤ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ቀይ ማር፣ ነጭ ማር፣ ሰም፣ የጫካ ቡና።

ራይቱ የት ይቀመጣል አልኩት። ከዚህ በኋላ አንድ ሰዓት አወራ... ዕቃዎቹን በኮማ እየደረደሩ በአንድ ቦታ መጻፍ ይቻላል፣ ግን ፍለጋው ያስቸግራል። ለየዕቃው አንድ አምድ መስጠትም ይቻላል፣ ግን አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ሰንጠረዡን ማፍረስ ነው። እሱ የመረጠው ሌላ ነው። ዓይኑ እያበራ የሚዛን ድንጋዮቼን አነሳ።

"ኮረሪማ አንድ። ጥምዝ ሁለት። ቀይ ማር አራት። ነጭ ማር ስምንት። ሁልጊዜ እጥፍ። ድምሩን ብቻ ይንገሩኝ፣ የትኞቹ እንደተቀመጡ አውቃለሁ።"

"አሥራ አንድ" አልኩ።

"ነጭ ማር፣ ጥምዝ፣ ኮረሪማ።"

እውነቱን ነው! ስድስት ሳጥን በአንድ ቁጥር። ቦታ ይቆጥባል አለ። ቁጠባ ደስ ይለኛል። ሰውየውም ሲደሰት... ይኼን ለምን እጽፋለሁ?

መጋቢት 21

እትዬ ተሾመች፣ ጎረቤቴ ባለ ጨርቋ፣ ከሱቋ ሳትወጣ ጮክ ብላ፦ "ትርንጎ! ያ ኮምፒውተር ዛሬም ተበላሸ እንዴ? በየቀኑ የሚጠገን ምን ዓይነት ነው?"

"አዲስ ነገር ጊዜ ይወስዳል።"

"ይወስዳል፣ ይወስዳል። የኔም ሟች እንዲህ ነበር፣ መቀስ ሊስልልኝ መጥቶ ሠላሳ ዓመት ቆየ።"

ዋለ ሰምቷል። ጆሮው ቀላ። ቀና ሳይል መጻፉን ቀጠለ።

ምሳ ላይ ነገረኝ። እናቱ ፍኖተ ሰላም ብቻቸውን ናቸው። ዝውውር ከጠየቀ ሁለት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ሳይመጣ አይቀርም አለ። "ጥሩ ነው" አልኩ። ጥሩ ነው። እናት እናት ናት። ባሌን ከፈታሁ ጀምሮ ሚዛኑን ብቻዬን ነው የያዝኩት፣ ወደፊትም እይዛለሁ።

ግን ትምህርት የሚዘጋበት ሰኔ ሩቅ አይደለም።

ሚያዝያ 4

ኔትወርክ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አለ። ገጹን አየሁት፣ ያምራል። አንድ ነገር አልወደድኩም። ነጭ ማር አራተኛ ተራ ላይ ተቀብሯል። ኮረሪማ የሁሉም ሰው ዕቃ ነው፣ ነጭ ማር ግን የኛ ነው። ሱቅ ውስጥ ምርጡን ዕቃ ከበር ፊት ለፊት አይደል የምናስቀምጠው?

"መምህር፣ ነጭ ማርን ከላይ አድርግልኝ።"

"ይህማ ቀላል ነው" አለና በአንድ ደቂቃ አነሳው። ከላይ ሆነ። አሁን ሱቅ መሰለ።

ሚያዝያ 27

ፋሲካ። ሱቅ ዝግ። ዋለ በግ ይዞ ቤት ድረስ መጣ። በጉን ማን ይረድ በሚለው እትዬ ተሾመች ሰደበችው። ስትሰድብ ወዳው ነው።

ግንቦት 6

ጉድ።

ደካ ነበርኩ፣ ዕቃ ልረከብ። ስመለስ መንገድ ላይ አብርሆት ደወለች። እየጮኸች።

"ትርንጎዬ፣ ምን ነካሽ? ገጽሽ ላይ ማንኪራ ውስጥ አባተ የሚባል ሰው ነጭ ማር አለው ይላል። መኪናዬን ልኬ ኮረሪማ ጭኖ መጣ! የማር ደንበኞቼ ምን ልበላቸው?"

ጋሽ አባተ ነጭ ማር? ዘንድሮ ቀፎ አልሰቀለም፣ እግሩን ታሞ። ኮረሪማ ብቻ ብዬ ራሴ ነኝ የሞላሁት።

"ወደ ሌሎቹስ ልላክ?"

"እንዳትልኪ። ሳምንት ስጪኝ።"

"ሳምንት። ከዚያ ወደ ድሮ ደላሎቼ ነው የምመለሰው፣ አትቀየሚኝ።"

አልቀየምም። እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ግንቦት 7

ዋለ ሌሊቱን አልተኛም፣ ፊቱ ያሳብቃል። ስህተቱን አገኘው። ድንጋዮቹ ናቸው።

ማሽኑ ዕቃውን በስሙ አያውቀውም፣ በተራው ነው። አንደኛ የተቀመጠው አንድ፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አራት። ነጭ ማርን ከላይ ስናደርገው አንድ ነጭ ማር ሆነ። ጋሽ አባተ የተጻፈው አንድ ተብሎ ነው፣ የዚያን ጊዜ ኮረሪማ ማለት ነበር። ጥምዝ ያላቸው ኮረሪማ ሆነዋል። እውነተኛ ነጭ ማር ያላቸው ደግሞ ቀይ ማር። ሰምና ቡና ብቻ ተራቸው ስላልተነካ ተረፉ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ተማሪዎቼ ቢሠሩት ዜሮ እሰጣቸዋለሁ።"

"ከላይ አድርግ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ መብትዎ ነው። ዕቃ ቦታ ቢቀይር ስሙ መቀየር የለበትም።"

ቀዝቀዝ ብዬ ጠየቅኩት። ያ ሁሉ ድንጋይ ስንት ቦታ ቆጠበልን? አሰበ። ለሦስት መቶ ሰው... አንድ ፎቶ ከሚይዘው ያነሰ። ተያየንና ሁለታችንም ሳቅን። እሱ እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። ላቅፈው ፈለግሁ። ሻይ አዘዝኩለት።

ግንቦት 9

አዲሱ አሠራር፦ ሦስት ሰንጠረዥ። አንዱ የሰዎቹ፣ ሰው ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው። አንዱ የዕቃዎቹ፣ ዕቃ ሁሉ የማይለወጥ ቁጥር አለው፤ ገጹ ላይ ስንተኛ ይታይ የሚለው ለብቻው ይጻፋል። ሦስተኛው ሁለቱን ያገናኛል። አንድ ራይት አንድ መስመር፤ የሰውየው ቁጥር፣ የዕቃው ቁጥር። ራይት ካልተደረገ መስመር የለም። ያው ሰውና ያው ዕቃ ሁለቴ ልግባ ቢሉ ይከለከላሉ።

ገባኝ። እኔም ያልመጣ ዕቃ አልመዘግብም።

የድሮዎቹን በድሮው ተራ ተርጉሞ አዛወራቸው። አምስት ሰዎች ግን ቀሩ። ተራው ከተቀየረ በኋላ ከፍተን ስልካቸውን፣ ምናልባት ራይታቸውንም ያረምንላቸው ናቸው፣ የትኛው ራይት እውነት እንደሆነ ማሽኑም አያውቅ። አምስቱም የማንኪራ ሰዎች። ሄዶ መጠየቅ ነው።

"አብሬ እመጣለሁ" አለ። ጫማው ለጫካ አይሆንም። ነገርኩት፣ አልሰማም።

ግንቦት 12

ማንኪራ። ጭቃው! ዋለ ሦስቴ ወደቀ፣ ሦስተኛውን እኔም አብሬ።

አምስቱን ጠይቀን ጋሽ አባተ ጋ መጨረሻ ደረስን። ቆጮና ጎመን ቀረበ፣ ሳይበሉ ማውራት የለም። ከዚያ ጠየቅሁት።

"ጋሽ አባተ፣ ነጭ ማር ብለው ሲመጡ ለምን የለኝም አላሉም?"

"እንግዳ ነው። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ባዶውን ይመለስ?"

"የለም ማለት ነውር ነው እንዴ?"

"አንቺ አለው ብለሽ ጽፈሻል። የለኝም ብል አንቺ ውሸታም ልትሆኚ ነው። ያለኝን ጫንኩላቸው።"

ስሜን በኮረሪማው ሸፈነልኝ። አቀርቅሬ ቆጮዬን በላሁ።

ዋለን አየ፣ ጭቃውን አየ። "ይሄ ባልሽ ነው?"

"አስተማሪ ነው።"

"አስተማሪ ባል አይሆንም?"

ስንመለስ ወንዙ ጋ ዋለ ቆመ።

"ዝውውሩ ወጥቷል።"

"መቼ?"

"ሰነበተ። ፎርሙ ሳያልቅ መንገር አልፈለግሁም። እስከ ሰኔ አጋማሽ መልስ እሰጣለሁ።"

ውሃውን አየሁ። በዋጋ መከራከር እችላለሁ፣ በዚህ ግን አልከራከርም። አንዴ ተናግሬ ዝም ማለት ነው።

"ብትቀር ደስ ይለኛል። ብትሄድም አልቀየምም። እናትህ ናቸው።"

ድንጋዩን ስሻገር እጄን ያዘ። ከተሻገርን በኋላ ለመልቀቅ ትንሽ ቆየ።

ግንቦት 13

ስድስት ጀሪካን ነጭ ማር ገባ። ንጹሕ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ግንቦት 14

የአብርሆት ሳምንት አለቀ። ሱቅ ሆኜ ደወልኩላት፣ ከፍተሽ እይ አልኳት። ነጭ ማር የሚለውን ነካች። ስሞቹ ወዲያው መጡ፣ አንድ በአንድ እያነበበችልኝ። ሁሉም እውነት።

"እሺ፣ መኪና ልልክ ነው። ያ ኮረሪማ ደግሞ... ከየት ነው ያልሽኝ? ሌላ አለ?"

ዋለ ስልኩን እስክዘጋ ጠብቆ፣ "ላስፈራሽ?" አለና ኮረሪማን ከላይ አደረገው። ነጭ ማርን ከታች። "ተው!" አልኩ። ጋሽ አባተን ከፈተ፤ ኮረሪማ። ባለ ቀፎውን አምባውን ከፈተ፤ ነጭ ማር። ምንም አልተነካም። ሳቀብኝ። በሌማቱ ክዳን መታሁት።

ከዚያ ነጭ ማርን መልሶ ከላይ አደረገልኝ።

ሥራው አለቀ። ከነገ ጀምሮ የሚመጣበት ምክንያት የለም። አሁን ነው ያሰብኩት።

ግንቦት 24

አልመጣም። ፈተና ያወጣል አሉ። እትዬ ተሾመችም አልቀለደችም፣ ያ ነው የከፋኝ።

ሰኔ 6

ጠዋት የገባ፦ ነጭ ማር ዘጠኝ ጀሪካን፣ ኮረሪማ ስልሳ ኪሎ (ጋሽ አባተ፣ ለአብርሆት)፣ ሰም የለም። ስልክ ላይ አልጮህኩም፣ ገጹን አየሁ።

እኩለ ቀን ላይ ዋለ በሩ ላይ ቆመ። አልገባም። ዝናቡ ጀርባው ላይ እየወረደ።

"ትምህርት ቢሮ ነበርኩ። ዝውውሩን አልፈልግም ብዬ ፈረምኩ።"

ሚዛኑ ላይ ደንበኛ ነበረኝ። መዝኜ ጨረስኩ።

"እናትህስ?"

"ትናንት ደወልኩላት። አለቀሰች። ከዚያ፣ ማን ናት? አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ማሩን የሸጠችልኝ ናት አልኳት። ማሩንስ አውቀዋለሁ አለች። ለክረምቱ እረፍት ይዘሃት ና፣ ልያት አለች።"

እትዬ ተሾመች ከወዲያ፦ "ኧረ አስገቢው! ሰው በዝናብ አይጠየቅም!"

"ምሳ በልተሃል?" አልኩት።

አልበላም። ገባ።

ነገ፦ ጠዋት ሺሺንዳ፣ ባዶ ጀሪካን ሃያ። ስመለስ ለጫካ የሚሆን ቦት ጫማ፣ ቁጥር 42። ከነጩ ማር አምስት ኪሎ አጣርቶ ለፍኖተ ሰላም ማሸግ። ይኼኛው አይሸጥም።