መደገፊያው ሳይመለስ አረንጓዴ ስለሆነው ችግራችን

ለተከበሩ የሕንጻችን እድሳት ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ፤

ለነገሩ ሁሉ ተጠያቂው እርስዎ መሆንዎን ስለማምን፣ ሌላ ሰው ሳላደክም ለእርስዎ እጽፋለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎስ? ጉልበት ያለው ሰው የደረጃ መደገፊያ አይናፍቅምና ያዝልቅልዎ።

ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። መግቢያው ላይ የሰቀሉት የችግሮች መከታተያ ሰሌዳ የንባብ መለማመጃ ሆኖኛልና ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቀይ ወረቀት ያልተፈታ፣ ቢጫ በሂደት ላይ ያለ፣ አረንጓዴ ደግሞ የተፈታ ችግር መሆኑን የተማርኩት ከዚያው ነው። ቅሬታዬን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ. ሠራተኞችዎ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ፎቅ የሚያወጣውን ደረጃ መደገፊያ ብረት ቀለም ልንቀባው ነው ብለው ነቅለው ወሰዱት። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዓይኗ ስለደከመ ብረቱን ሳትጨብጥ አትወርድም። ከዚያ ወዲህ ደጅ ወጥታ ፀሐይ አልሞቀችም። ባመለክት ቀይ ወረቀት ተለጠፈልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ. ቀይ ወረቀት ሲሰነብት ሪፖርት ያበላሻል ተብሎ ይነሳና በማግስቱ እንደ አዲስ ችግር ይለጠፋል። በዚህ አሠራር ችግራችን ሁልጊዜ ጨቅላ ነው፤ የምናረጀው እኛ ብቻ ነን።

፫ኛ. ባለፈው ሰኞ ወረቀቱን አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ብወጣ፣ ደረጃው እንደ ተላጨ ራስ ባዶውን ቆሟል። ቢሮዎ መጥቼ ብጠይቅዎ፣ ብረቱ ከተነሳ ወዲህ አንድም ሰው ስላልወደቀ ችግሩ እንደተፈታ ረጋ ብለው አስረዱኝ። እውነትዎን ነው፤ ከቤት ያልወጣ ሰው ከደረጃ አይወድቅም። እህቴ ከአልጋዋም እንዳትነሳ ብናደርግ ደግሞ እንቅፋት የሚባል ነገር ከሰሌዳዎ ጨርሶ ይጠፋል። ይህን ሐሳብ በነጻ ሰጥቼዎታለሁ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ሦስተኛው ዋጠው።

የሚሠሩት ሁሉ አረንጓዴ፣ የሚወጡበት ደረጃ ሁሉ ባለ መደገፊያ እንዲሆንልዎ የምመኝ፣

ግድግዳ እየዳበሰች ቤቷ የምትገባ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ።

ማስታወሻ፦ እህቴ ከውጭ በገባሁ ቁጥር፣ ሰሌዳው ዛሬስ ምን ይላል ትለኛለች፤ እኔም ያነበብኩትን ሳላጎድል እነግራታለሁ። ሰኞ ዕለት ግን መታገስ አቅቶኝ ከታች ሆኜ አረንጓዴ ሆኗል ብዬ ተጣራሁ። ስደርስ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጫማውን መልሼ ያወለቅኩላት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ የእርስዎን ሰሌዳ ለእህቴ አላነብላትም።