ከመንገዱ በታች ከቀረን ነዋሪዎች ለልማት ቢሮው የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የአካባቢ ልማት ቢሮ ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ፣ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ምናልባት እኛ ሰፈር ብቅ ለማለት ካሰቡ ጉልበት ያስፈልግዎታልና። እኔ ዕድሜ ልኬን በርና መስኮት ስሠራ የኖርኩ፣ ፊደልንም ሚስማር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ የለቀምኩ አናጺ ስለሆንኩ፣ አጻጻፌ ቢሻክርብዎ እንዳልተላገ ሳንቃ ይቁጠሩልኝ።

የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው። «ሁሉንም ያቀፈ ልማት» ብለው ያሠሩልን አስፋልት እጅግ ያማረ ነው፤ ከደጃፎቻችን በሰው ደረት ልክ ከፍ ብሎ ስለተሠራም ቀና ብለን እናየዋለን። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምተን ነበር፤ መንገድ አለኝ በሰማይ ግን በእርስዎ ዘመን የመጣ ነው። ሆኖም ጥቂት ነገር እንዳስታውስዎ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. የእህቴ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለማይታዘዙላት የምትሄደው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ብቻዋን ገበያ ወጥታ፣ ጨርቅ መርጣ፣ ከነጋዴው ጋር ተጨቃጭቃ ትመለስ ነበር፤ በክርክር ነጋዴው ቀርቶ እኔም ችያት አላውቅም። አሁን ከሱቋ በር ፊት ለፊት የቆመው የመንገዱ ግንብ ነው። ደንበኞቿ የሚወርዱት እኔ በሠራሁት መሰላል ሲሆን፣ የሙሽራ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች አንዲት ወይዘሪት ግን መሰላሉን ፈርታ፣ ከላይ እንደቆመች ልኳን በጩኸት ተናግራ ሄደች። የወገቧን ስፋት ሰፈሩ በሙሉ አወቀው፤ እሷ ግን በዚያው ቀረች። እንዲህ ከቀጠለ የእህቴ ልጅ ሱቋን ልትዘጋ ነው። ይህን ስትነግረኝ እንደ ልማዷ ልትቀልድበት ሞክራ፣ አልሆነላትም።

2ኛ. በምረቃው ዕለት እርስዎ በመቀስ የቆረጡትን ሪባን የሰፋችው እሷ ነበረች። ክራባት ያሰሩ ሁለት ባልደረቦችዎ ከነወንበሯ ተሸክመው መድረክ ላይ ስላወጧት ከልብ እናመሰግናለን፤ ፎቶግራፉም በቢሮዎ መግቢያ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፣ በጣም አምሮብዎታል። ነገር ግን ማን እንደሚያወርዳት በመርሐ ግብሩ ውስጥ ስላልነበረ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ወንበሮቹ ተጭነው፣ ድምፅ ማጉያው ሳይቀር ተሸኝቶ፣ እሷ ብቻ ቀረች። ያወረድናት እኔና ጎረቤታችን ግንበኛው ነን። በመንገድ ላይም፣ «ልማቱ ሲያቅፈኝ የት እንደሚያስቀምጠኝ ሳያስብ ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ጥያቄዋን ለባለቤቱ ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ።

3ኛ. የላኩልን መሐንዲስ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ካየን በኋላ፣ ችግሩ የመንገዱ ከፍ ማለት ሳይሆን የቤቶቻችን መውረድ እንደሆነ በትሕትና አስረድቶናል። ቤቶቻችን መቼ እንደወረዱ ልብ አላልንም ነበር፤ ምናልባት ተኝተን ሳለን ይሆናል።

4ኛ. የጠየቅነው ወንበር የምታወጣ አንዲት ተዳፋት ብቻ ነበር። ጥያቄያችን በሚቀጥለው የልማት ዕቅድ እንደሚታይ መልስ ስለሰጡን እናመሰግናለን፤ ለዕቅዱ ዕድሜ ይስጥልን። ደንበኛ የራቀው ሱቅ ግን ያን ያህል ዕድሜ የለውም።

ሥልጣንዎ ይርዘምልዎ፣ ጥላዎም አይታጠፍብዎ እያልኩ፣ ከታች ወደ ላይ አንጋጥጬ እጅ በመንሳት እሰናበትዎታለሁ፤

የልብስ ሰፊዋ አጎት፣
አናጺው

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው ግንበኛው ትዕግሥቱ አልቆ የመንገዱን ጠርዝ ስለፈለጠው፣ እኛም ከየቤታችን ድንጋይና ሲሚንቶ አዋጥተን ተዳፋቷን ሠራናት፤ ደርቃለችም። የሕዝብ ንብረት ማፍረስ እንደሚያስከስስ የቢሮዎ ጥበቃ ስለነገረን፣ መጥሪያውን በእኔ ስም ይላኩልኝ። ለእህቴ ልጅ ነው የምንሰጠው የሚሉ ከሆነ ግን መልእክተኛዎ ጠዋት መጥቶ በከንቱ እንዳይደክም፤ አያገኛትም፣ ወጥታለች።